የጓዴ የጣሳ ሰማይ

ጓዴ በወገዳ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። ዕቃ ጠፋ ብሎ ሙከራ ያስቀረበት ቀን የለም። ሰማዩን የሠራው ከዱቄት ወተት ጣሳ ነበር፤ የከዋክብት ካርታ ቂጡ ላይ ለጠፈና ነጥብ በነጥብ በሚስማር በሳው፣ ከውስጥ በባትሪ ድንጋይ የሚበራ አምፖል አስገባበት። መስኮቱ በካርቶን ሲደፈን ኮርኒሱ ኮከብ በኮከብ ይሆናል፤ የተሰለፉ ሦስት ከዋክብትና አጠገባቸው አንድ ደማቅ ኮከብ ጎልተው ይወጣሉ።

የእኅቱ ልጅ ልዕልት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ «ጋሼ፣ ይሄ ውጭ ካለው ጋር አልገጥም አለኝ» ብላው ነበር።

«ወቅቱ ነው» አላት። ክፍሉ ሳቀባት።

ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ልዕልት በፊዚክስ አንደኛ የወጣችበትን ካርድ በላስቲክ ጠቅልላ ሁለቱን ዓመት ጠበቀች፤ ከዚያ ፓስፖርት አወጣች። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። አዲስ አበባ የሚያደርሳት ጓዴ ሆነ። እናቷ «አደራህን» ስትለው ራሱን ነቀነቀ እንጂ ሐሳቡ ሌላ ነበር። በረራው ማታ ነው፤ ጠዋት የሳይንስ ሙዚየሙን ላሳያት፤ የፕላኔታሪየሙን ሰማይ የሚያሳይ ጉልላት ካየች ልቧ ይመለሳል፤ እዚያው ዘመዳቸው ፍሬው ቤት ተጠግታ ትማራለች።

ከጉልላቱ ሥር ሲቀመጡ ጓዴ ወንበሩ በምን እንደሚጋደም ጎንበስ ብሎ ይመረምር ጀመር።

«ጋሼ፣ ሊፈቱት ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ቀና በይ!»

መብራቱ ጠፋ። አስጎብኚዋ «አሁን ወደ ደቡብ ዞረናል» አለች። ሦስቱ ከዋክብት ተሰልፈው ወጡ፤ ከእነሱ በስተግራ ያ ደማቁ ኮከብ። የልዕልት ክርን ጎኑን ጎሸመው።

«በግራ ነው! የእኛው በቀኝ ነበር።»

ጓዴ በጣቱ አየር ላይ ግራና ቀኙን ለካ።

«ወቅቱ አይደለም ጋሼ። ካርታው ከሥር ቀና ብሎ ለሚያይ የተሣለ ነው፤ እርስዎ ከላይ ሆነው በሱት። ወረቀቱን ነጭ ጋዝ ቢያስነኩት ነጥቦቹ በጀርባው ይታያሉ፤ ገልብጠው ቢለጥፉት ኖሮ ይገጥም ነበር።»

«ያን ሁሉ ዓመት ግልብጡን አስተማርኩ በይኛ!»

«ማን አወቀብዎ?» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ልዕልት፣ ቅሪ። ይህን ጭንቅላት ይዘሽ የሰው ወለል ልትወለውዪ?»

ዓይኗን ከጉልላቱ አልነቀለችም። «የት ልቅር ጋሼ?»

«ፍሬው ዘንድ።»

«ፍሬው ከትናንት ጀምሮ ስልክዎን አንስቷል?»

አላነሳም። መብራቱ ሲበራ ልዕልት መጀመሪያ የጠየቀችው ሰዓት ነው። ማታ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጉልበቱን ስማ ገባች።

ጓዴ መንገድ ተዘግቶበት በአምስተኛው ቀን ወገዳ ደረሰ። በማግስቱ የካርታውን ሌላ ቅጂ ነጭ ጋዝ አስነክቶ ገለበጠ፤ አዲስ ጣሳ ላይ ለጥፎ በሳ። የቤተ ሙከራው ቁልፍ አሁንም እሱ ዘንድ ነው። ከአግዳሚዎቹ ግማሾቹ የሉም። የወፍ ኩሱን ጠረገ፣ መስኮቱን ደፈነ፣ አበራው። ደማቁ ኮከብ ከሦስቱ በግራ ወጣ። ገጠመ።

በሚስማር ጣሳው ጎን ላይ «ወረቀቱ ተገልብጦ ይለጠፍ» ብሎ ጫረ። ከዚያ የባትሪ ድንጋዮቹ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ውስጡ እንዳሉ እንዳያዡ አወጣቸው፤ ጣሳውንም ጨርቅ አልብሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።