አዴ መሪየም ከገበያ ያተረፉት

አዴ መሪየም ሐጅ ሊሄዱ ነው ሲባል የሰፈራችን ሰው ለሁለት ቀን ሌላ ወሬ አላወራም። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሮቤ ለማስተማር ከመጣሁ ጀምሮ ስድስት ዓመት ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ ኖሬአለሁ፤ ቤታቸው ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንዳለ ሳይቀር አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ሁለት ብር ጨምሩ ሲባሉ ከባጃጅ ወርደው በጭቃ የሚሄዱ ሴት፣ ስንት መቶ ሺህ የሚጠይቀውን የመካ መንገድ ገንዘብ ሞልተውት ቁጭ ብለዋል! "ከየት አመጡት?" ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

"ከሽንኩርት፣ ከዘይት፣ ከሳሙና" አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ባላቸው የኮምባይን ሹፌር ነበሩ፤ ከሞቱ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ለአዴ መሪየም የተዉላቸው ይህን ግቢና አራት የሚከራዩ ክፍሎችን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በኪራዩ ደህና እየበላ ደህና ይለብስ ነበር። እሳቸው ግን ባላቸው በሞቱ በሳምንቱ ሐጅ ለመሄድ በልባቸው ቆርጠው ነየቱ፤ ለአንድ ሰው እንኳ ሳይናገሩ በየወሩ ከአስቤዛው የተረፈውን ወለድ የሌለው ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ ጀመር። ልጅ የላቸውም፤ የሚልክላቸውም ሰው የለም።

ዕቃ አገዛዛቸው ላየው ሰው ትምህርት ቤት ነው። ስንዴ የሚገዙት በአጨዳ ሰሞን፣ የገሰራ ገበሬ ምርቱን በአንድ ጊዜ ገበያ ሲያወጣው ነው። በርበሬ ዋጋው ሲወርድ የዓመቱን ገዝተው ያስቀምጣሉ። ሳሙናውን ቤት እንዳስገቡ በክር ለአራት ቆርጠው ያደርቁታል፤ የደረቀ ሳሙና ቶሎ አያልቅም። የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን በምስማር በስተውታል፤ ድስቱ ላይ ቢደፉት ከጠብታ ሌላ አይወጣም። ፌስታል አጥበው ገመድ ላይ ያሰጣሉ። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶብኝ ሽንኩርቱን በዛ አድርጌ ስከትፍ አይተውኝ፣ የሰው ሬሳ ያዩ ይመስል እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። አንዳንዴ ያናድዱኝ ነበር። ነገር ግን የአስተማሪ ደመወዝ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ተናድጄም ቢሆን ተማርኩ።

ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርታቸው ስለ ልብስ ነበር። ሰው ገበያ ሲሄድ ያማረ ለብሶ ይወጣል፤ እሳቸው ግን የገበያ ልብስ ብለው ለይተው ያስቀመጡት ቀለሙ የለቀቀ ጅልባብና በሽቦ የተሰፋ የላስቲክ ጫማ ነበር። "ሴና፣ ነጋዴ መጀመሪያ ልብስሽን ያያል፤ ዋጋውን የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው" ይሉኛል። አራት ክፍል እንደሚያከራዩ የሚያውቁትን የሰፈራችንን ሱቆች ሁሉ አልፈው የከተማው ዳር ድረስ ይሄዳሉ። እዚያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከደሎ መና መጥቶ ሱቅ የከፈተ ከሊል የሚባል ሰው አለ። እሱ ዋጋ ሲጠራ እሳቸው ጅልባባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "የለኝም የኔ ልጅ፣ እንደምታየኝ ነኝ" ይላሉ። ከሊል ይቀንሳል። ማንም ሱቅ ውስጥ በማይገኝ ዋጋ ዘይትና ስኳር ይዘው ይመለሳሉ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ፤ ለእኔም እንዲገዙልኝ ገንዘብ እሰጣቸው ጀመር። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የዘይት ዋጋ ሲነሳ ዝም ብዬ ፈገግ እላለሁ። የት እንደምገዛ ለማንም አልተናገርኩም።

ከከሊል ሱቅ ፊት ለፊት መሬት ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ሽንኩርትና ጎመን የምትሸጥ ሰቢሪና የምትባል ሴት አለች። የምትመጣው ከጎባ ነው። አዴ መሪየም እሷ ጋ የሚደርሱት ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። "ወደ ጎባ መኪና እንዳያመልጣት ትቸኩላለች፤ በዚያ ሰዓት የጠየቅሻትን ትሰጥሻለች" ብለው አስተምረውኛል። ሰቢሪና እውነትም ትሰጣቸው ነበር፤ የተባለውን ዋጋ ተቀብላ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ራስ ጣል ታደርግበታለች።

እንግዲህ ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አብሮ የሠራና የተገበያየ ሰው ጋ እየዞረ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም። አዴ መሪየምም የሐጁን ገንዘብ የሚከፍሉበት ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው መዞር ጀመሩ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሳይከራከሩ በባጃጅ ሄድን። አዲስ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አዲስ ጫማ ተጫምተው ነበር፤ ለእኔ እንኳ በአሥር ዓመት ያነሱ መስለው ታዩኝ።

ከሊል ሱቅ ስንደርስ ሰውየው አላወቃቸውም። "አካም፣ እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?" አለ።

"መሪየም እኮ ነኝ!"

ከሊል ቀና ብሎ አያቸውና ፊቱ በራ። "ያ ረቢ! አዴ መሪየም! ይህን ማን አለበሰዎት?"

"ሐጅ ልሄድ ነው። አውፍ በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።"

"ማሻአላህ! ማሻአላህ!" አለ። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ እጃቸውን ሳመ። "የሚልክ ሰው አገኙ ማለት ነው! ማነው የላከዎት? አላህ ጀነትን ይወፍቀው።"

"ማንም አልላከኝም፤ በራሴ ገንዘብ ነው።" አዴ መሪየም ይህን ሲናገሩ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። "አሥራ አራት ዓመት አጠራቀምኩ። ግማሹ እንደውም ካንተ ሱቅ ያተረፍኩት ነው። ነጋዴዎቹን ሁሉ አሸንፌ ነው የምሄደው!"

ከሊል እጃቸውን ለቀቀ። ቆይ አለና ስኳር የሞላ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ። የታመመ መሰለኝ፤ ውሃ ላምጣልህ አልኩት።

"አዴ መሪየም፣ ቤት አለዎት?" አለ በመጨረሻ።

"አለኝ።"

"የራስዎ?"

"የራሴ፤ አራት ክፍል ደግሞ አከራያለሁ። ይቺ ልጅ አንዷ ተከራዬ ናት።"

ከሊል ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

"ለእርስዎ ስሸጥ ከገዛሁበት በታች ነበር" አለ። "ዋላሂ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ጫማዋ በሽቦ የተሰፋ ሚስኪን ናት ብዬ የቀነስኩልዎትን ሁሉ በዘካ ነይቼ ነው የሰጠሁት።"

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። የአዴ መሪየምን ፊት ሳይ ግን ደነገጥኩ። በኋላ እንደነገሩኝ ዘካ ማለት ያለው ሰው በየዓመቱ ከሀብቱ ላይ ለድሃ የሚያወጣው ነው፤ የድሃ ሐቅ ነው። ድሃ ያልሆነ ሰው ድሃ መስሎ ከበላው ሐራም በላ ማለት ነው። ሐጅ ደግሞ በሐላል ገንዘብ ነው የሚኬደው። አሥራ አራት ዓመት ጠብታ በጠብታ ያጠራቀሙት ገንዘብ፣ ከሊል ከጆንያው ላይ ሳይነሳ ተበላሸባቸው።

"ለምን አልጠየቅኸኝም?" አሉ አዴ መሪየም።

"የለኝም ይሉኝ ነበር። በየሳምንቱ።"

"እሱማ ዋጋ ለመቀነስ ነው! ሰው ሁሉ የሚለው ነው!"

"እኔ አመንኩዎት" አለ ከሊል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሰውየው ፈርቶ ነበር፤ የእሱም ዘካ ዘጠኝ ዓመት ለድሃ ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

እኔስ? ለዚያ ሁሉ ጊዜ ከዚያ ዘይት ስበላ፣ ከዚያ ስኳር ስጠጣ የኖርኩት፣ አስተማሪዎች ክፍል ፈገግ የምለው? መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ለአዴ መሪየም ልዘን ወይስ ለራሴ ልፈር ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

አዴ መሪየም ግን ጠየቁ። "እኔ ባልመጣ ለማን ትሰጠው ነበር?"

ከሊል በበሩ አሻግሮ ወደ ውጭ አየ። ሰቢሪና ማዳበሪያዋ ላይ ቁጭ ብላ የጎመን ቅጠል ትለቅማለች።

"ሦስት ረመዳን መጥታ ጠየቀችኝ" አለ። "ዘካዬ ሰው ይዞታል አልኳት።"

አዴ መሪየም ወጡ። በአዲሱ ነጭ ልብሳቸው ሰቢሪና ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ሰቢሪና በድንጋጤ ተነሳች፤ ሰው የወደቀ መስሏት ልታነሳቸው እጃቸውን ያዘች፤ ከዚያ አወቀቻቸው። አዴ መሪየም አንድም ሳይደብቁ፣ ቤቱንም ኪራዩንም የከሊልንም ነገር ተናገሩ። ከብብታቸው የያዙትን ብር ሁሉ አውጥተው ማዳበሪያዋ ላይ አስቀመጡ። ሰቢሪና ብሩን አላየችውም፤ የምታየው አዲሱን ጫማ ነበር።

"አራት ክፍል ያከራያሉ?" አለች።

"አዎ።"

"እኔ ተከራይ ነኝ።" ዓይኗን ወደ ሽንኩርቷ መለሰች። "እኔም እኮ አዴ መሪየም… ያ ሽንኩርት… ለእርስዎ የምቀንሰው ሰደቃ ነበር።"

"መኪና እንዳያመልጥሽ ቸኩለሽ መስሎኝ—"

"ወደ ጎባ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መኪና አለ። አልቸኩልም ነበር። ጫማዎትን ሳይ አንጀቴን ስለሚበሉኝ ነው። እርስዎ የመጡ ቀን የልጆቼን ዳቦ ሳልገዛ እገባለሁ፤ ሲጠይቁኝ ከእኛ የባሰ አለ እላቸዋለሁ።"

አዴ መሪየም ጮኸው አለቀሱ። ሰው ተሰበሰበ። ሰቢሪና ብሩን ሰብስባ መልሳ እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። የከሊል ዘካ ከሊል ከሰጣት እንደምትቀበል፣ እሷ የሰጠችውን ግን መልሳ እንደማትወስድ ነገረቻቸው፤ ለአላህ ብላ የሰጠችው ነውና። ሰው ተሰብስቦ ሳለ ከሊል መጥቶ፣ የቀነሰላቸውን ያህል አዴ መሪየም እንዲመልሱለት፣ እሱም ሙሉውን ለእሷ እንዲያደርስ ተስማሙ። ብዙ ነው፤ የሐጁን ገንዘብ እንደሚያጎድለው ሁላችንም ገባን።

"አውፍ በይኝ ብቻ" አሉ አዴ መሪየም ለሰቢሪና።

"እኔ አውፍ ብያለሁ" አለች። "ልጆቼ ግን አላወቁም። ከእነሱ አፍ ነው የቀነስኩት። ምን ልበላቸው?"

"እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

በሚኒባስ አብረናት ጎባ ወጣን። ዝናብ ይጥል ነበር። የሰቢሪና ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ሴት ልጆች አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ያጠናሉ። አዴ መሪየም በጭቃ በተነከረው ነጭ ልብሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። የእናታቸው ደንበኛ መሆናቸውን፣ ድሃ መስለው ይመጡ እንደነበር፣ ድሃ ግን እንዳልሆኑ ነገሯቸው። ሲናገሩ ይንተባተቡ ነበር፤ ለከሊል እንኳ እንደዚያ አልከበዳቸውም።

ትልቋ ልጅ ቀመር አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። አዳመጠች፤ አዴ መሪየምን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

"ታዲያ ከእኛ የባሰው ማነው?" አለች።

አዴ መሪየም ያን ዓመት ሐጅ ሳይሄዱ ቀሩ።