የሞቱ ከዋክብት ብርሃንና የወንድሜ ድምፅ

ወንድሜ ወደ እስራኤል የሚገባበትን ፈቃድ ሲጠብቅ ጎንደር ላይ ሞተ። በስልክ የሰማሁት እኔ ነኝ። እናቴ ያን ሳምንት ልቧን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሃይፋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በወጋችን መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ለበሽተኛ አይነገርም። እስክትጠነክር እንቆይ አልን። ከዚያ በዓል መጣ፣ ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ታመሙ፣ ከዚያ ደግሞ እኔ ድፍረቱን አጣሁ። ሁለት ዓመት ሞላው።

ስልኬ ውስጥ ወንድሜ የላካቸው ዘጠኝ የድምፅ መልእክቶች ቀርተው ነበር። ዓርብ ዓርብ ሃይፋ አጠገብ ክርያት አታ እናቴ ቤት እሄድና አንዱን አሰማታለሁ። ኔትወርክ ስለሌለ ድምፅ ብቻ ነው የሚልከው እላታለሁ። እንዳይታወቅብኝ አፈራርቃቸዋለሁ። እሱ «ደህና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ» ሲል ስልኩን ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች፤ እኔ ሳህን ላጥብ ብዬ ወደ ኩሽና እሸሻለሁ። ድምፁ እዚያም ይከተለኛል። ራሴን እንደዚያ የጠላሁበት ጊዜ የለም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ልጄ አብራኝ መጣች። ፊዚክስ ነው የምትማረው፤ አያቷን ደግሞ ስለ ትምህርቷ ሳታስረዳ አትውልም። ኮምፒውተሯን ከፍታ ጀመረች። ሁለት የሞቱ ከዋክብት፣ ስፋታቸው አንድ ከተማ ቢያህል ክብደታቸው ከፀሐይ የሚበልጥ፣ እርስ በርስ ሲዟዟሩ ኖረው ይጋጫሉ። ያኔ ጋማ ጨረር የሚሉት ብርቱ ብልጭታ ይፈነጥቃል፤ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የሚተርፈው ብርሃን መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቆይቶም ቀይ ሆኖ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ቴሌስኮፑን ቶሎ ያላዞረ አያገኘውም። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጥብ በጣቷ አሳየቻት።

«ሳቭታ፣ ይሄ የሆነው ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ብርሃኑ ገና አሁን ደረሰ፣ ቤሰደር?» አለቻት አያቷን፤ እሺ፣ ገባሽ? ማለቷ ነው።

እናቴ፣ እኛ እያየናቸው እነሱ የሉም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ልጄ አዎ አለቻት። እናቴ ነጥቧን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና የዛሬውን መልእክት እንዳሰማት ጠየቀችኝ። ከፈትኩት። ወንድሜ ሰላምታውን ጀመረ።

«አሁን ይስላል» አለች እናቴ።

ሳለ።

«አሁን አህያ ትጮኻለች።»

አህያዋ ጮኸች። ስልኩን ዘጋሁት። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኳት።

«ከመጀመሪያው ፋሲካ ጀምሮ» አለች። «እንኳን አደረሰሽ ሳይለኝ ሲቀር ነው ያወቅኩት። ሳታረዱኝ እንዴት ላልቅስ? ይነግሩኛል፣ ያኔ አለቅሳለሁ እያልኩ ስጠብቅ፣ ለልጄ አንድ ዘለላ እንባ ሳላፈስለት ሁለት ዓመት ሞላው። በወጉ አርዱኝ።»

የቅዳሜው ሰንበት አልፎ እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዤ ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ትልቁ ሽማግሌ ቃላቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አዳመጠቻቸው። ከዚያ ጮኸች።