ከቤቱ የተሰረዘው ባሌ

በሕይወት ያለውን ባሌን ከገዛ ቤቱ ሰረዙት። እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ የልጅ ልጆቼ እንዲያነቡት በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ቀበሌያችን መሬቱ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ነበር። ወንዶቹ ወደ ወንጂ አገዳ ቆረጣ መሄድ ጀመሩ። አንዱ የቆርቆሮ መግዣ ሲልክ ጎረቤቱም ይነሳል። የቆርቆሮ ቤት በበዛ ቁጥር ከሥሩ የሚያድር ወንድ አነሰ። ሰው ሲሞትብን አስከሬን የሚሸከም ከሌላ ቀበሌ እስከ መለመን ደረስን።

ባሌም ሄደ። ሊሄድ ሲል ጓሮ ውስጥ እንሰት ተከለና «ይሄ ለመፋቅ ሳይደርስ እመጣለሁ» አለኝ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ደረሰ። ፋቅሁት፣ ቆጮውን ከልጆቼ ጋር በላን፤ እሱ አልመጣም። ከእንሰቱ ጥቂቱን ሳልነካ ጓሮው ውስጥ አቆየሁለት። ጠዋት ጤዛው ከቅጠሉ ሲንጠባጠብ ኮቴው እየመሰለኝ ስንቴ ወደ በሩ እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሕዝብ ቆጣሪዎች የመጡት ያኔ ነው። በእኛ ዘንድ የተከለው እንሰት በጓሮው የቆመለት ሰው የቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ሁላችን ወንጂ ያሉትን ባሎቻችንን አስቆጠርን። የቆጣሪዎቹ ጸሐፊ አምኖ ጻፈ። ኋላ ግን ቤት ለቤት ሲዞር የቆጠራቸውን ወንዶች አንዳቸውንም በዓይኑ ስላላየ ተመልሶ ሁሉንም ሰረዛቸው። መሬት በቤተሰብ ብዛት እንደገና እንደሚደለደል ደግሞ በስብሰባ ተነግሮን ነበር። ባሌ ከተሰረዘ፣ ሲመለስ የሚያርሰው መሬት አይኖረውም ማለት ነው።

ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባሌን ማን ገደለው?» አልኩት።

«ማንም አልገደለውም። እዚህ የለም ነው የተባለው።»

«አንተስ ለስብሰባ ሆሳዕና ሰንብተህ ስትመጣ ሚስትህን ሌላ ሰው አግብታ ነው የምታገኛት?»

በዛፉ ጥላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«እኔ እመለሳለሁ፣ እህቴ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆሳዕና ወዳለው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ በእግሬ ተመላለስኩ። ሁለቱን ጊዜ ነገ ነይ ብለው መለሱኝ። በሦስተኛው አንድ ሠራተኛ አስቀምጦ አዳመጠኝ። ሰው የሚቆጠረው በሚኖርበት ቦታ እንደሆነ አስረዳኝ፤ ባሌ ግን «ቤቴ እዚያ ነው፣ ለጊዜው ነው የወጣሁት» ብሎ በእጁ ጽፎ ከላከ ነገሩ እንደሚታይ ነገረኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነበር። ለማንም አላስጻፍኩም፤ ስለ ቤቴ የምለምነው እኔው ነኝ ብዬ ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩ። ልጆቹ ማደጋቸውን፣ ላሟ መውለዷን፣ መሬቱ ሊደለደል መሆኑን ነገርኩት፤ «ቤቴ እዚያ ነው» ብሎ በእጁ ጽፎ እንዲልክልኝም ለመንኩት። ናፍቀኸኛል የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት፤ በሦስተኛው ግን ሳልሰርዘው ተውኩት፣ ይሂድ ብዬ። ደብዳቤውን ወደ ወንጂ ለሚሄድ ለአንድ የቦኖሻ ሰው ሰጠሁት።

ክረምቱ አለፈ። ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር «ደብዳቤው በመንገድ ላይ ነው፣ መሬቱን እንዳትነኩ» እለው ነበር። እውነትም እስከ መስቀል አልነኩትም።

ከመስቀል በኋላ ያው የቦኖሻ ሰው መልሱን ይዞልኝ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት።

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኛንም እዚህ ቆጥረውናል። ቤትህ የት ነው ሲሉኝ እዚሁ ነው አልኳቸው። ከእኔ ጋር አንዲት ሴትና አንድ ሕፃን ተቆጥረዋል። ጸሐፊው አልበደለሽም።»