ባሕር አይቶ የመጣ እግር

መጀመሪያ የተሰማኝ የግራ ባቴ ላይ ነው። ቅዳሴ ቆመን ሳለ ከውስጥ የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። እግሬን አነሳሁ፣ አሳረፍሁ፣ ግድግዳ ተደገፍሁ፤ አልለቀቀኝም። ያለነው ቆጵሮስ ነው፤ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ፣ ሙቀቱ ትንፋሽ የሚያሳጣ። ከጎንደር ቁስቋም ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ፣ ከአውሮፕላን ወርዶ በማግሥቱ ቅዳሴ የቆመ ሰው ባቱን ቢያመው ምን ይገርማል አልሁና ተውሁት።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የሜዲትራኒያንን ባሕር ካርታ ላይ በዘንግ እያሳየሁ ስንቱን አስተምሬያለሁ፤ ውሃውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። እዚያ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን ለፍልሰታ ካህናትና መዘምራን እንዲላኩላቸው ሲጠይቁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ከመረጣቸው አንዷ ሆንሁ። ከአገልግሎቱ ጎን ጉብኝትም አለ ተባለ። ከመዝሙሩ ይልቅ ለባሕሩ ልቤ እንደዘለለ እግዜርም ያውቃል፣ እኔም አልክድም።

እህቶቻችን የሚያርፉት እሑድን ብቻ ነው። እኛን ለማስጎብኘት ግን እየተለማመጡ ከየአሠሪዎቻቸው አንድ ተጨማሪ ቀን ለመኑ። ከሁሉም የቀረበችኝ ከዳባት ወዲያ ካለችው ድብ ባሕር የመጣችው ትርንጎ ነበረች፤ ከጎኔ የማትለይ፣ ቦርሳዬን ከእጄ የምትነጥቅ ልጅ። በዚያ ቀን አውቶቡሱ ተራራ ላይ ወዳለ ገዳም ወሰደን። ደረጃው አያልቅም። ጾሙ ስላልተፈታ ውሃ አልቀመስሁም። ባቴ እየጠነከረ፣ እየሞቀ ሄደ።

«ቲቸር፣ ደከመዎት እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ደክሞኝ!» አልሁ።

ይሉኝታ ነው። ለእኛ ብለው ያን ቀን ለምነው፣ ስንቅ ይዘው፣ አውቶቡስ ተከራይተው ሳለ፣ እግሬን አመመኝ ብዬ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ልበላቸው? ደግሞስ ባሕሩ ገና አልታየ!

ባሕሩንም አየሁት። ካርታው አልዋሸም፣ ሰማያዊ ነው። ልብሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ባቴን ቀዝቀዝ ሲያደርገው እሰይ አልሁ። ትርንጎ አጠገቤ ቆማ የእናቷን ነገር ያነሳችው ያኔ ነው። ወፍራም ሰማያዊ ሻል ገዝታ አስቀምጣላቸው ነበር።

«ሻሉንስ ማንም ያደርስልኛል» አለች። «እርስዎ በዐይኔ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት ይበሉልኝ። በስልክ ስነግራት አታምነኝም። ታመሽ ነው የምትደብቂኝ ትለኛለች።»

እናቴ ትሙት ብዬ ማልሁላት። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ መሐላው ግን ከአፌ አይጠፋም።

ስመለስ አውሮፕላን ውስጥ ሌላውን ሰው ላለማስነሳት ብዬ ከመቀመጫዬ ሳልነቃነቅ መጣሁ። ይሄም ይሉኝታ ነው። ጎንደር ስደርስ ግራ እግሬ ጫማ አልገባ አለ፤ ባቱ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። አብራኝ የምትኖረው እህቴ የሺ ገና ስታየኝ ጮኸች። ወዲያው አያ ጥጋቡን አስጠራች። አያ ጥጋቡ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው፤ ወለምታና ስብራት በማሸት የተመሰገኑ፣ የኔንም ክንድ በልጅነቴ የመለሱ ሰው።

«ተሰናክለሽ ነበር ልጄ?» አሉኝ።

አልተሰናከልሁም። ግን ድካሙ አፌን አስሮታል፣ አዛውንቱ ደግሞ በዚያ ጉልበታቸው ዳገቱን ወጥተው መጥተዋል። በባዶ ልመልሳቸው? «ደረጃ ላይ መሰለኝ» አልሁ።

«በቃ፣ ጅማት ዞሮ ነው» አሉና ቅቤ አስመጥተው ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበት፣ አጥብቀው አሹኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልሁ። ሲጨርሱ ቀለል ያለኝ መሰለኝ፣ መረቅኋቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት ከቤት ወጣሁ። አጥሩን ሳልፍ ትንፋሽ አጠረኝ። ቆምሁ። አየር ስስብ ጎኔን ወጋኝ። ልቤ ይመታል። በጣም ይመታል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የሺን ልጠራ አፌን ከፈትሁ። ድምፅ የለም። ጎረቤት አየኝ። ባጃጅ መጣ። ፒያሳን ስናልፍ የሱቆቹ በሮች ሲጠቁሩብኝ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ ነው።

የደም ሥር በሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድ እግሬን አዩ። ደረቴን በሲቲ ስካን አነሱኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቃል አያባክንም።

«መምህር፣ እግርዎ ውስጥ ደም ረግቷል፤ ዲቪቲ እንለዋለን። ከረጋው ተቆርሶ ሳንባዎ ላይ አርፏል። ይሄ ደግሞ ፐልሞናሪ ኢምቦሊዝም ነው። እግርዎን የነካው ሰው አለ?»

ነገርሁት።

«ሳይታሽም ሊቆረስ ይችል ነበር። የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት ግን አደጋ ነው። ከእንግዲህ ማንም እንዳያሽዎት። ማንም።» ስለ ጉዞውም ጠየቀኝና ራሱን ነቀነቀ። «ውሃ ሳይጠጡ፣ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው፣ በዚያ ሙቀት። ደምዎ ምን ያድርግ?»

«እተርፋለሁ?» አልሁት።

«እየሠራን ነው» አለኝ።

ይተርፋሉ አላለም። ይህን መቼም አልረሳውም። ያን ቀን ፈራሁ። ለዕድሜዬ አልነበረም፤ ደክሞኝ ስለነበር መሞቱ እንደ መተኛት ቀሎ ታይቶኛል። የፈራሁት ለሰማያዊው ሻል ነው። ሻሉን የሺ ልታደርሰው ትችላለች። «በዐይኔ አይቻታለሁ» የሚለውን ግን ማን ያደርሳል? ያየኋት እኔ ነኝ። የማልሁላት እኔ ነኝ። ጌታዬ፣ ድብ ባሕር ደርሼ ልምጣ፣ ከዚያ እንደ ፈቃድህ አልሁ።

ሄፓሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ሆዴ ላይ ይወጉኝ ነበር፤ ሆዴ በልዞ በልዞ ወይን ጠጅ መሰለ። ከዚያ ወደ ዋርፋሪን እንክብል አሻገሩኝና ወደ ቤት ተላክሁ። ተመስገን፣ ነፍሴ ተርፋለች፤ ግን ዳንሽ ሲሉኝ ቶሎ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ድካሙ ነው፤ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ግቢ መሄድ ሥራ ሆኖ፣ ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ መልሼ የምጋደምበት፣ ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሰዎች ቡና ጠጥተው እስኪወጡ በዐይኔ የምለምንበት ጊዜ ረጅም ነበር። ክፍል ገብቼ ቆሜ ማስተማር ስጀምር እንኳ ዐረፍተ ነገሬን መሃል ላይ ቆርጬ ትንፋሽ እሰበስብ ነበር፤ ተማሪዎቼ የማስብ እየመሰላቸው ዝም ብለው ይጠብቁኛል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በአይኤንአር ምርመራ ይከታተላል። የእኔ አይኤንአር አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። ሐኪሙ ምን እንደምበላ ሲጠይቀኝ ጉዱ ወጣ፦ በጾም ጎመን በጎመን እሆናለሁ፣ ሲፈታ ደግሞ ዘወር ብዬ አላየውም። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማልና፣ «ጎመኑን መብላት አይተዉ፣ ግን ዓመቱን ሙሉ መጠኑን አይለዋውጡ» አለኝ። ውሃ ሳይጠጡ ማርፈዱን በተመለከተ የንስሐ አባቴን አማከርሁ። «ሕመምሽ ጾምሽ ነው፣ ውሃሽን ጠጪ» አሉኝና ገላገሉኝ። እንዲህ እንደሚሉኝ ባውቅ ኖሮ ቆጵሮስ ሳለሁ በደወልሁላቸው።

እንዲህ ያለ ሕመም ለገጠማችሁ የምላችሁ ይኸው ነው። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከጠነከረ ከማሳሸት በፊት ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረማ ለነገ አይባልም። ረጅም ጉዞ ላይ ተነሱ፣ ተራመዱ፣ ሰው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። አያ ጥጋቡን አልከሰስሁም፤ የተሳሳተ መልስ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ዛሬ እሳቸውም ያበጠ እግር ሲያዩ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። የሺን፣ የባጃጁን ሾፌር፣ ያን ቃል ቆጣቢ ሐኪም እድሜ ይስጣቸው እላለሁ።

ድብ ባሕር የሄድሁት ሐኪሙ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ይዘጋ ስለነበር ብዙ ጠበቅሁ። እግሬ ላይ የሚያጠብቅ ካልሲ አድርጌ፣ ዳባት ላይ ወርጄ ተንጎራድጄ፣ ውሃዬን ጠጥቼ ደረስሁ። የትርንጎ እናት እማማ አንጓች ሻሉን ተቀብለው ሳይዘረጉት ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«በዐይንሽ አየሻት?»

«በዐይኔ አየኋት፣ እማማ። ደህና ናት። ትስቃለች።»

«ሸጋ። ሸጋ ልጄ» አሉና ዐይናቸውን ጠረጉ። ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም።

ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ በገበቴ አቀረቡ። የመንገደኛ እግር ሳያጥቡ እህል አያቀርቡም። ካልሲዬን አወለቅሁ። እግሬን አጠቡ፤ እጃቸው ወደ ባቴ ወጣና እንግዳ እንደሚታሸው ሊያሹኝ ጀመሩ። ያ የድሮው ይሉኝታ መጣ። አሮጊት ተንበርክከው፣ ልጃቸውን ያየ ሰው ሊያከብሩ! ምን ብዬ?

«እማማ፣ አይሹኝ» አልሁ። «ታምሜ ነበር። ይሄ እግር ሊገድለኝ ነበር።»

እጃቸውን አነሱ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ገዳሙ ደረጃ ላይ ለልጃቸው «ምን ደክሞኝ» ማለቴን ሳይቀር። ውሃውን ብቻ ቀስ አድርገው አፈሰሱልኝ።

«ምነው፣ እሷም እንዳንቺ ብትነግረኝ» አሉ።

እዚያው እግሬን ሳላደርቅ ደወልሁላት። «ትርንጎ፣ እኔ ያን ቀን አሞኝ ነበር፤ ደብቄሽ ነው» አልኋት። ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ። እማማ አንጓች ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከወዲያ ማዶ የመጣው ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ፦

«እማዬ... ወገቤን ያመኛል።»

«እሰይ ልጄ» አሉ እያለቀሱ። «ንገሪኝ። የት ላይ ነው?»