ግጥሙ የኔ ነው

እኔና ባለቤቴ የምንተዳደረው በሰው ምሽት ነው። ሌላው ሥራውን ጨርሶ ሊዝናና ሲወጣ የእኛ ሥራ ይጀምራል። እሱ ማሲንቆ ይመታል፤ እኔ እዘፍናለሁ፣ እስክስታ እወርዳለሁ። እሱ ኮን የሚባል አገር ሰው ነው፤ ሙያውን ከአባቱ ወረሰው። እኔ የሙጃ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አዝማሪ በማግባቴ ቤተሰቦቼ ብዙ ጊዜ አኩርፈውኝ ኖረዋል። ላሊበላ ከገባን ጀምሮ የምንሠራው አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቲቱን እትዬ እንላታለን።

በደህናው ጊዜ ላሊበላ የመጣ እንግዳ ቀኑን አብያተ ክርስቲያናቱን ሲሳለምና ሲያይ ይውልና፣ ሲመሽ አስጎብኚውን አሁን ደግሞ ወዴት ነው የምንሄደው ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ ነበር። እትዬ ጥብሱን በሸክላ፣ በጾም ቀን ሽሮውን እየፈላ ታቀርባለች። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ፈረንጁ ብርሌውን እንዴት እንደሚይዝ ግራ ሲገባው የአገሩ ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሞቅ ሲል ከጠጪው አንዱ «ተቀበል» ይላል። ግጥም ይሰጣል ማለት ነው። ባለቤቴ የተሰጠውን ቃል በቃል በዜማ ይደግመዋል፤ እኔ የመጨረሻዋን ስንኝ አነሳለሁ። ግጥሙ የሰጪው ነው። አዝማሪው አፉን ብቻ ነው የሚያውሰው። ይህን የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ አውሮፕላኑ ቀረ፣ መብራትና ስልክ ጠፋ። ከመሸ መንቀሳቀስም ተከለከለ። እትዬ ቤቱን ከምሳ በኋላ ከፍታ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጋት ጀመረች። የምሽት ሥራችን እንዲህ ሆኖ ወደ ቀን ዞረ። ማሩ ሲጠፋ ጠጁን በስኳር ጣለች፤ ስኳሩም ሲጠፋ ጠላ ጠመቀች። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም። ቤቱ ቁጭ ብሎ የማያውቀውን ወሬ ከሚያብሰለስል፣ ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ሳይሻለው አልቀረም።

ከደንበኞቻችን አንዱ አስጎብኚ ነበር። በደህናው ጊዜ እንግዳ የሚያመጣልን፣ ግጥም መስጠት የሚወድ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ታናሽ ወንድሙ ከቤት እንደወጣ ተገድሎ ተገኘ። ከቀብሩ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላየነውም። አንድ ቀን ከሰዓት ጢሙን ሳይላጭ መጣና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እትዬ ሳይጠይቃት ቀዳችለት።

ጥቂት ቆይቶ ታጣቂዎች ገቡ። የማን ወገን እንደነበሩ አሁን ብናገረው የሚጠቅመው ነገር የለም። በሩ አጠገብ ተቀመጡና ሽለላ ይሁንልን አሉ። ባለቤቴ ሸለለላቸው፤ እኔም ተቀበልኩት። እነሱ እርስ በርስ እያወሩ ሳለ አስጎብኚው ከጥግ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተቀበል» አለ። ሰጠውም፦

ማሩ ከገበያ፣ ጠጁ ከቤት ራቀ፤
እንግዳው ሳይመጣ፣ ቤተኛው አለቀ።

ባለቤቴ ደጋኑን ክሩ ላይ እንዳሳረፈ ትንሽ ቆየ። አለመቀበል ይችል ነበር፤ የማሲንቆው ክር እንደላላበት አስመስሎ መቃኘት ብቻ ይበቃው ነበር። ግን ሰውዬውን አየውና ተቀበለው። እኔም እንደ ልማዴ «ቤተኛው አለቀ» ብዬ አነሳሁ። ስዘፍነው ነው የገባኝ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ሳቡ።

ከታጣቂዎቹ አንዱ ተነስቶ ወደ ባለቤቴ መጣ። «ቤተኛውን ማን ጨረሰው ልትል ነው?» አለው።

ባለቤቴ ያነሳው ስለ ጠጅና ስለ ጠጪ እንደሆነ፣ ደንበኛ መጥፋቱን ማለቱ እንደሆነ አስረዳው። ሰውዬው አልተዋጠለትም። ግጥሙን የሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ቤቱ ውስጥ ከእነሱ በቀር ያልሰማ አልነበረም። አስጎብኚው ሊነሳ ሲል እትዬ የምትቀዳ መስላ ትከሻውን በእጇ ተጭና አስቀመጠችው።

«ማንም አልሰጠኝም» አለ ባለቤቴ። «ግጥሙ የኔ ነው።»

ማሲንቆውን እቅፌ ውስጥ አስቀምጦልኝ ከእነሱ ጋር ወጣ። ወደ ኋላ አልዞረም። ብከተል ይብስበታል ብለው ሰዎች ያዙኝ።

በማግስቱ አስጎብኚው ቤቴ መጣ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። ሄዶ እውነቱን ሊነግራቸው እንደቆረጠ ነገረኝ። ተናድጄበት ስለነበር ሂድ ብለው ደስ ባለኝ። ግን እናቱ ታወሱኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት።

«አንተ ብትገባ እሱ አይወጣም» አልኩት። «ሁለት ትሆናላችሁ። እናትህ ደግሞ አንድ ቀብረዋል፤ ይበቃቸዋል።»

አስጎብኚው መሬት መሬት እያየ አለቀሰ። እኔ ነጠላዬን አደግድጌ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ተነሳሁ። እዚያ የሚያገለግሉ፣ ልጃችንን ያጠመቁ አንድ አባት አሉ። በጠጅ ቤት ሥራችን ደስ አይላቸውም፤ በተገናኘን ቁጥር ይህን ዳንኪራ መቼ ነው የምትተዉት ይሉን ነበር። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ የሄድኩት እየፈራሁ ነው። ይህን ብለን አልነበረም ወይ ብለው ይመልሱኛል ብዬ ሠጋሁ። ደርሼ ጉልበታቸውን ስሜ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አባ፣ አንቱ ካልደረሱልኝ ማንም የለኝ» አልኩ።

ምን ብሎ እንደዘፈነ ጠየቁኝ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እሱን መድገም አፈርኩ፤ ሆኖም ያለ ዜማ አልኩላቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ደግሜ እንድለው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት።

«ይኸማ ዘፈን አይደለም፤ ልቅሶ ነው» አሉ።

ያን ዕለት ሽማግሌዎች ሰብስበው ወደ ታሰረበት ግቢ ሄዱ፤ አላስገቧቸውም። ሌላ ቀን ሄዱ፤ እንደገናም ሄዱ። የግጥሙን ሰጪ እኚህ አባት ከእኔ ሰምተው ያውቁ ነበር፤ ታጣቂዎቹ ሲጠይቋቸው ግን እዚህ አገር ልቅሶ ባለቤት የለውም፣ የሁላችንም ነው ብለው እንደመለሱ አብረዋቸው የነበሩት ነገሩኝ። እኔ ስንቅ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፤ ስንቁን ይቀበሉኛል፣ እሱን ግን አያሳዩኝም። በመጨረሻ ለቀቁት። ከስቶ፣ የግራ እጁ ጣቶች አብጠው መጣ። ማሲንቆ ላይ ዜማውን የሚያወጡት እነዚያ ጣቶች ናቸው። እጁን በሙቅ ውኃ እያሸሁ ምን እንዳደረጉት ጠየቅኩት። አልነገረኝም። እስካሁንም አልነገረኝም።

ጣቶቹ ቀስ በቀስ ዳኑ። አሁን መንገዱ ሲከፈት እንግዳ ይመጣል፤ ሲዘጋ ይጠፋል። የመጣው ሰው ጥብሱን ይበላል፣ ጠጁን ይጠጣል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ባለቤቴም እንደ ድሮው ይመታል። «ተቀበል» ሲሉት ግን አንገቱን ይደፋና ክሩን መቃኘት ይጀምራል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ወጣቶች አያስተውሉም። የአገሩ ሰው ያስተውላል፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ «ተቀበይ» ማለት ለመደ። ግጥሙን የምቀበለው አሁን እኔ ነኝ። እኔ ስቀበል የእሱ ደጋን ይሳሳል፤ ስንኙ የት እንደሚያርፍ እስኪያውቅ ትንፋሹን ይዞ እንደሚጠብቅ ከጎኑ ሆኜ ይሰማኛል።

አስጎብኚው ዛሬም ይመጣል። ለባለቤቴ ብርሌ ሳያስቀዳ አይቀመጥም። ግጥም ግን አይሰጥም። ስለዚያች ቀን ሁለቱ አንድ ቃል ሲለዋወጡ አላየሁም።

በቅርቡ አንድ ሹፌር መጥቶ ነበር። ስለ መንገድ ግጥም ሰጠኝ። ላይ ላዩን ስለ ፍቅረኛ ነው፤ ውስጡን ግን መንገዱን የዘጋው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያዋን ስንኝ ዘፍኜ ወደ ሁለተኛዋ ስገባ ዓይኔ በር ላይ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዞረ፤ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ምሥጢሩን የያዘችውን ቃል ዋጥኳትና በራሴ ቃል ተካኋት። ግጥሙ ተራ የናፍቆት ግጥም ሆኖ ቀረ። ቤቱ አጨበጨበ። ሹፌሩ ብርሌውን አስቀምጦ አየኝ።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ጎበዝ እንደማለት ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ደጋኑም ጠንከር አለ። ከተጋባን ጀምሮ በዘፈኔ ደስ ሲለው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ያን ቀን ግን ደስ አላለኝም። ቤታችን ስንገባ እራት አቅርቤለት እሱ በላ፤ እኔን ግን አልበላ አለኝ።