ኮድ ውሃ አይጠጣም

ጋሽ ማቴዎስ ዛሬ ጠዋት አረፉ አሉኝ። እንዴት ብዬ ልመን? ሐሙስ'ኮ አንድ ባጃጅ ተሳፍረን፣ ስለ ጉልበታቸው ሲያማርሩ እየሰማሁ ታቦር ሰፈር፣ ቤታቸው ድረስ ሸኝቻቸው ነበር።

ለማታውቋቸው፣ የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን ነበሩ። ወርቅ ከሚታጠብባቸው ወንዞች ውሃ ቀድተን ስንመጣ ጠርሙሶቹ ላይ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ቆፋሪዎቹ ወርቁን ከአሸዋው የሚለዩት በሜርኩሪ ነው፤ የተረፈው ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሰው ደግሞ ከታች ይቀዳል፣ ዓሣውንም ይበላል።

ተማሪ ሳለሁ አንዱ ጠርሙስ ላይ «ናሙና 7» ብዬ ጻፍኩ። ሰርዘው «አየለች የምትቀዳበት» አሉት። እንዲህ ያለ ምርምር የት አለ ብዬ ተነጫነጭኩ።

«ኮድ ውሃ አይጠጣም» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

አየለች ወንዙ ዳር የምትኖር የልጆች እናት ናት። ጋሼ ስልክ ቁጥራቸውን ሰጥተዋት ነበርና በየጊዜው ትደውላለች። እሳቸውም ወደ እኔ ይመጣሉ፤ «ውጤቱ መጣ?»

የእኛ ማሽን ስለተበላሸ ናሙናው የተላከው አዲስ አበባ ነው፤ ውጤቱም የሚደርሰው ለእኔ ነበር። ገና ነው እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ገና ነው ይሏታል። ሐሙስ ባጃጅ ውስጥም ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው።

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ። ውጤቱ ከመጣ ዓመት አልፎታል። ሜርኩሪ አለበት። ፈቃድ ሳይሰጥ እንዳይወራ ከበላይ ተባልኩ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ፣ ደከመኝና ተውኩት። ለእሳቸው ብነግራቸው በማግስቱ አውቶብስ ተሳፍረው ለአየለች ሊነግሯት እንደሚሄዱ ስለማውቅ ደበቅኳቸው።

ዛሬ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጥኩ ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው ማንሳት አቅቷት ለእኔ ሰጠችኝ። አየለች ነበረች። መሞታቸውን ስነግራት አለቀሰች። ቆይታ ስለ ውሃው ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ካወቅኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝም ነገርኳት።

«ጋሼ ገና ነው ይሉን ነበር» አለች። «ዋሽተውን ነው?»

አይደለም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳት።

ታዲያ ከየት እንቅዳ አለችኝ። ሰኞ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ምን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም።

ጋሼ፣ እርስዎን ውሸታም አድርጌዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ። ጉልበትዎም ይረፍ።

ውጤቱ መጥቷል።