ቡቺ የመሰከረበት ፊልም

ሳሙና የሚበላ ውሻ ሥጋ አሽትቶ እምቢ ሲል በፊልም አይቻለሁ። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ሚስቴም እስካሁን አላመነችኝም። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ የካ ሚካኤል ሰፈር ነው። ስንት ጉድ አይቼ ረስቻለሁ። ይሄኛው ግን ላምባ በሸተተኝ ቁጥር ይመጣብኛል፤ ያቅለሸልሸኛል።

መጀመሪያ ፊልም ሠሪዎቹ መጡ። ከእንጦጦ ሥር ካለው ሜዳ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ጥብስ በትሪ በትሪ ተደረደረ። ፊልሙ ሕዝቡ ጠግቦ አደረ የሚል ነው። ቀበሌው ደግሞ ጠጋቢ ሆነን እንድንቀረጽ እኛን ጠራን። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። ጿሚው አፉን ይዞ ቆመ። እኔና መሰሎቼ ግን ካሜራው ሳይነሳ አንዱን ትሪ ሙልጭ አደረግነው። በመብላት እኔን የሚያክል በየካ አልነበረም፤ አሁንም የለም።

አዘጋጁ አበደ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ቀጭን ሰውዬ ነው። "ሥጋው ካለቀ ምን ልቀርጽ ነው? ምራቃችሁን?" አለና የቀረው ላይ ላምባ አስረጨበት። ከዚያ በኋላ ማን ይውጠው! እያላመጥክ ፈገግ ትላለህ፤ ካሜራው ሲዞር ትተፋለህ።

እትዬ በለጡን ከፊት አስቀመጧቸው፤ ፊታቸው ያምራል ተብሎ። እትዬ በለጡ የጽዋ ማኅበራቸው ሰብሳቢ ናቸው። ጾም ከሚሽሩ ቢሞቱ ይሻላቸዋል።

"ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው" አሉት።

የቀበሌው ካድሬ አጠገባቸው ቆሟል። አዘጋጁ ጎንበስ አለና፣ "እማማ፣ አፍዎ ያድርጉትና ይትፉት። ፊልሙ የሚታይ ቀን መትፋትዎን እኔ ራሴ ለሕዝቡ እናገራለሁ" አላቸው። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ክረምቱ እንደወጣ ፊልሙ በቀበሌው አዳራሽ ታየ። መግባት በነጻ ነው፤ የማይቻለው መቅረት ነው። ሲያልቅ አዘጋጁን የፈለጋችሁትን ጠይቁ ተባልን።

እትዬ በለጡ ለፊልሙ በተሰቀለው አቡጀዲ ላይ ግድግዳ አክለው ብቅ አሉ፤ ያላምጣሉ። ተራኪው "የጠገበች እናት!" ይላል። የማኅበራቸው ሴቶች አብረዋቸው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ፈቀቅ አለች። ሌላዋም ተከተለች።

"በሁዳዴ!" አለች ሦስተኛዋ፤ ተነስታም ሄደች።

እትዬ በለጡ ብቻቸውን ቀሩ።

መብራት ሲበራ ቀድመው የተነሱት እሳቸው ናቸው። "ልጄ፣ ያን ቃልህን። መትፋቴን ንገርልኝ።"

አዘጋጁ ካድሬውን አየ። ካድሬው አዘጋጁን አየ።

"በኔ ፊልም ውስጥ የውሸት ነገር የለም። እናታችን በደስታ ነው የበሉት!" አለና ፈገግ አለ። ካድሬው አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ። እሳቸው እንደቆሙ ቀሩ።

አፌ ውስጥ የገባው ላምባ እንኳ እንደዚያ ውሸት አላቅለሸለሸኝም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብ የተማርኩት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው። ዓይኔን ግን የሚያመልጠው የለም። ሁሉም የእትዬ በለጡን አፍ ሲያይ እኔ ፊልሙ ላይ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን አይቻለሁ። እጄን አወጣሁ።

"ጓድ አዘጋጅ፣ ፊልሙ ጣፍጦናል። የእትዬ በለጡ ቦታ ይደገምልን!"

ካድሬው ደስ አለው። "ሕዝቡ ይደገም ብሏል!" አለ።

መብራት ጠፋ። እትዬ በለጡ እንደገና አላመጡ። ካሜራው ወደ ሌላው ሊዞር ሲል ጎንበስ አሉ።

"አፋቸውን ተዉት! ታች፣ ታች እዩ!" ብዬ ጮህኩ።

ቡቺ ብቅ አለ። ቡቺ የወፍጮ ቤቱ ውሻ ነው። ሳሙና ይበላል፣ ጫማ ይበላል፣ አንድ ጊዜ የዘበኛውን ባርኔጣ በልቷል። የወደቀውን ሥጋ አሸተተ። አስነጠሰው። ዞሮ ሄደ።

"ተፍተውታል! እሰይ! ቡቺ እንኳ አልበላው አለ!" አለ አንዱ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መጀመሪያ ፈቀቅ ያለችው ሴትዮ በጨለማ እየተደናበረች ተመልሳ፣ "ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ" ብላ እግራቸው ሥር ወደቀች። እሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እየሳቅኩ አወራው ነበር። አዘጋጁ ግን ሲወጣ ፊልም ለሚያሳየው ሠራተኛ፣ "ያንን ውሻ ቁረጥልኝ" አለው። ውሻውን!

ቆረጡት። ፊልሙ ቆይቶ ካራ ሰፈር ሲታይ የእትዬ በለጡ እህት እዚያ ነበረች። ቡቺ የለም። እትዬ በለጡ ግን አሉ፤ ያላምጣሉ። ከዚያ ወዲያ ካራ ለለቅሶ በሄዱ ቁጥር "የሁዳዴዋ ሴትዮ" እየተባሉ ኖረው ሞቱ።

ሰውየው ለቡቺ መቀስ አላጣም። "ተፍተዋል" ለማለት ግን ምላሱ ታሰረ። እኔ ሁሉን ነገር እያሳቅኩ የማወራ ሰው ነኝ፤ እዚህ ስደርስ ግን እንትፍ ነው የምለው።

ውሸታም ካላችሁኝ የካ ሚካኤል ሂዱ። ዕድሜው የገፋ ሰው ያዙና "ሥጋ እምቢ ያለው ውሻ" በሉት፤ ቀሪውን እሱ ይጨርስላችኋል። ካራ ግን እንዳትጠይቁ። እነሱ ያዩት የተቆረጠውን ነው።